በነጻ የመጣው ዲስክ

ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ በነበረች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ልቀጠር ስሄድ፣ ባለቤቱ ስንተኛ ክፍል እንደደረስኩ ጠየቁኝ። ዓይኔን ከወለሉ ሳላነሳ "አሥረኛ ጨርሻለሁ" አልኩ። ውሸት ነበር። ሐርቡ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው። ዓይን አፋርነቴ ጠቀመኝ፤ ጨዋ ልጅ ናት ብለው ወረቀት አልጠየቁኝም።

ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። አሁንም እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፣ እኔ በኮምፒውተር እለቅመዋለሁ። አማርኛውን ጣቶቼ ያውቁታል። ስክሪኑ ላይ ያለው ትእዛዝ ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ፊደሎቹን እለያለሁ፤ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ስለዚህ በቦታቸው ያዝኳቸው። ማተሚያው ከላይ ስንተኛ መስመር ላይ እንዳለ፣ ማስቀመጫው የቱ ጋ እንደሆነ በደብተር ስዬ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩ። ጽሑፍ ስዘጋ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ብቅ ሲል ከሦስቱ መልሶች ሁልጊዜ የመሃሉን እጫናለሁ። አንዳንዴ የሰው ማመልከቻ ድራሹ ይጠፋል። "መብራት ሄዶብኝ ነው" እላለሁ። መብራት ስለሚሄድ ይታመነኛል።

ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በዊንዶውስ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ከፍላሹ ጋር ቫይረስ። በቫይረስ በተያዙ ቁጥር ከደሴ ፒያሳ አንድ ቴክኒሻን ይመጣና "ኦርጅናል ነው" እያለ እንደ አዲስ ይጭንልናል።

አንድ ክረምት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጋሼ የእህት ልጅ መጣ። ቴክኒሻኑ የተወልንን ዲስክ አገላብጦ ሳቀ። ላዩ ላይ በማርከር ተጽፎበታል።

"አጎቴ፣ ይሄ እኮ ኮፒ ነው። የተሰረቀ ነው የሸጠልዎት።"

"አዑዙ ቢላሂ! ኦርጅናሉስ?"

"እሱ በጣም ውድ ነው። እኔ ግን በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሊኑክስ የሚባል በዲስክ ይዣለሁ። ነጻ ነው። የፈለገ ይቀዳዋል፣ የቻለ ከፍቶ አሠራሩን ያየዋል፣ ያስተካክለዋል። ይሄ የፍላሽ ቫይረስም ብዙ አይደፍረውም።"

ተራ የሚጠብቅ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ እንዳያስነኩት! በነጻ የሚሰጥ ክትባት ብቻ ነው። እሱም ያማል።"

እኔም በልቤ ከሠራተኛው ጋር ነበርኩ። ሌባ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ ይሄ በነጻ የሚሰጠው ግን ምን ፈልጎ ነው? ከዲስኩ ይልቅ ደግሞ ልጁን ፈራሁት። ቦታው ሁሉ ከተለወጠ ደብተሬ አይሠራም፤ እጋለጣለሁ፣ ከሥራ እወጣለሁ።

እኔ በምሠራበት ማሽን ላይ ጫነው። በመጀመሪያው ቀን ማስቀመጫ መስሎኝ የነካሁት ሌላ ሆኖ የአንዲት እናት ማመልከቻ ጠፋ። የዚያን ቀን መብራት አልሄደም። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ አይቷል።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ትእዛዞቹ በአማርኛ ሆነው ጠበቁኝ። አስቀምጥ። አትም። ሰርዝ።

"በየአገሩ ያሉ ሰዎች በየቋንቋቸው ተርጉመውታል" አለ ልጁ ወደ እኔ ሳያይ። "ያልተተረጎመም ቦታ አለው።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። ማን ነገረው? መሳቢያዬን ከፍቶ ይሆን? ለጋሼስ ነግሯቸዋል? እሱና አጎቱ በር ላይ ቆመው በሳቁ ቁጥር በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ሳምንት ትንሿን ሳጥን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኳት። ጽሑፉ እንዲቀመጥ ትጠይቃለች፤ የመሃሉ መልስ "ይጥፋ" ነው። በስንት ሰው ማመልከቻ ላይ ይጥፋ እንዳልኩ አላህ ይወቀው።

ልጁ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ጣጣው መጣ። ከመሥሪያ ቤት በፍላሽ የሚመጣው ሠንጠረዥ እኔ ማሽን ላይ ተወላግዶ ይከፈታል። በድሮው የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈው ጭራሽ አይነበብም። በዊንዶውስ የቀረው ሌላኛው ማሽን ደግሞ እንደገና በቫይረስ ተይዟል። "ጽሑፌን ጂን ነካው!" ብሎ የጮኸ ደንበኛ ነበር። ጋሼ ተማርረው ቴክኒሻኑን ጠሩት።

"ይኸው እንግዲህ" አለ ቴክኒሻኑ፣ በማርከር የተጻፈበትን ዲስክ እያወጣ። "ነጻ ነገር እዳ ነው።"

ወደ እኔ ማሽን እጁን ሲሰድ ድምፄ ሳላስበው ወጣ። "ጋሼ፣ ይሄኛው ለእኔ ይቅርልኝ።"

"ለምን?"

"አነበዋለሁ።"

"ዊንዶውሱንስ አታነቢውም?"

መሳቢያዬን ከፍቼ ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አዩት፤ ሳጥን፣ ቀስት፣ ቁጥር። ቴክኒሻኑ አንገቱን አስግጎ "ወይ ጉድ፣ ክታብ ነው እንዴ?" አለ። ጋሼ አልሳቁም።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ስድስተኛ።"

"መብራቱስ? ሄደብኝ ባልሽኝ ጊዜ ሁሉ መብራት ነበር?"

"ሁልጊዜ አይደለም፣ ጋሼ።"

ደብተሩን ከደኑት። ከዚያ ለቴክኒሻኑ "ያኛውን ማሽን ብቻ ሥራው። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣውን እሱ ይከፍታል" አሉት። ደብተሩን አልመለሱልኝም።

አላባረሩኝም። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ጽሑፍ ልዘጋ ስል ወንበራቸውን ትተው ከኋላዬ ይቆማሉ። የትንሿን ሳጥን ጥያቄ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ራሳቸው ያነባሉ፤ ጣቴ የት እንደሚያርፍ እስኪያዩም አይሄዱም።