ከጽዋው ሥር ያስቀመጥኩት ወረቀት

ማስታወቂያው የመምህራን ላውንጅ በር ላይ ሲለጠፍ ደስ ካላቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ሠራተኛ በግቢው ውስጥ የሃይማኖትም ሆነ የፖለቲካ እንቅስቃሴ እንዳያደርግ ይከለክላል፣ ተቋሙም ገለልተኛ መሆኑን ይገልጻል። ቢቸና በምትገኝ አንዲት ትንሽ ካምፓስ ስለ አፈር አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ማተብ ያሰረውም ሂጃብ የለበሰችውም አብረው ይቀመጣሉ፤ ተማሪን በእምነቱ ወይም በወገኑ የሚለይ መምህር ሳይ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ በስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ ደገፍኩት። ገለልተኛ የሚለው ቃል ለእኔ የተሰፋ ልብስ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

በሳምንቱ ያው ግቢ አዳራሹን ለመንግሥት የፖለቲካ ውይይት ከፈተ። በሩ ላይ አለቆቹ አቴንዳንስ ይዘው ቆመዋል፤ የቀረ ሰው ስሙ ለበላይ ይተላለፋል ተባልን። ተናደድኩ፣ አጉረመረምኩ፣ ከዚያ ፈረምኩ። ሁላችንም ፈረምን።

ማስታወቂያው የነካው ማኅበራችንን ብቻ ነው። አሥራ ሁለት የካምፓሱ ሠራተኞች በየወሩ በሚካኤል ዕለት ጽዋ እንጠጣለን። ባለተራው ይደግሳል፣ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ቂም ወይም የተደበቀ በደል ያለበት ሰው ሳይናገር ጽዋውን አይቀምስም፤ ሕጋችን ይህ ነው። ድሮ በላውንጁ እንሰበሰብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደየቤታችን ገባን። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ የዓመቱን ተራ ከነስማችን ጻፍኩ። የጻፍኩት እንደ ልማዳችን ከቢሮ በተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ንጹሕ ወረቀት ካምፓሳችን ውስጥ ብርቅ ነው። ፊቱን ገልብጬ አላየሁም።

የኅዳሩ ተራ የደረሳት ባልደረባችን ወልዳ ሞጣ ወላጆቿ ቤት ታርሳ ነበር። ጽዋው እዚያው ይምጣልኝ አለች። እናቴ ሞጣ ስለምትኖር እኔ እወስዳለሁ አልኩ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ አስገባሁት፤ ዝርዝሩን ከሥሩ አደረግሁት።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ የሞጣ ነጋዴ ናቸው። ጥቁር አዝሙድና አብሽ ከቢቸና ገበያ ሸምተው መመለሳቸው ነው። ቅርጫቱን አይተው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«የከበረ ዕቃ ነው መሰል ልጄ፣ እንዳልነካብሽ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ የመንግሥት ወታደር ቅርጫቴን ፈተሸ። ጽዋውን በአክብሮት አስቀመጠና ወረቀቱን አነሳ። «የምን ስም ዝርዝር ነው?» አለ። የማኅበር ነው አልኩት፤ አላመነኝም። ገለበጠው። ፊቱ ፈታ አለ።

«እንዲህ አትይም እንዴ! የእኛው ናችሁ» ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ወረቀቱን መለሰልኝ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የውይይቱ አቴንዳንስ ነው፤ ማኅተም አለው፣ የአሥራ ሁለታችንም ፊርማ አለበት። ደብረ ወርቅን ካለፉ በኋላ መንግሥትን የሚወጉት ታጣቂዎች መንገድ እንደሚዘጉ የማያውቅ የለም፤ እነሱ ዘንድ ያ ፊርማ ምን ማለት እንደሆነም የማያውቅ የለም። በመስኮት ልወረውረው አሰብኩ፤ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው።

ሽማግሌው ማኅተሙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወዲህ በይው» አሉኝ። ወረቀቱን እንደ ቀንድ ጠቀለሉት፣ ጥቁር አዝሙድ ሞሉበት፣ አፉን አጠፉት። «የኮሌጃችሁን ወረቀት በኪሎ እየገዛን አይደል የምንጠቀልልበት? ማን ልብ ይለዋል።»

ልብ አሉት። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ታጣቂዎቹ ሁላችንንም አውርደው ሲፈትሹ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ጥቅልሉን ፈታው፤ አዝሙዱ መሬት ላይ ፈሰሰ፣ ማኅተሙ ታየ።

«አባት፣ ይህ የማነው?»

«የእኔ ነው። መጠቅለያ ነው ልጄ።»

ሰውየው ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ወደ እኔ ዞረ። የቀበሌ መታወቂያዬን ቀድሞ ያየው ሌላው ጓዱ ነበር፤ ስሜን ከወረቀቱ ጋር ያስተያየ የለም፤ የካምፓሱ መታወቂያ ጫማዬ ውስጥ ነው።

«አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ። ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አልኩ።

እውነት ነው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ሽማግሌው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞሩም። እሳቸውን አስቀርተው እኛን ሂዱ አሉን። ተሳፈርኩ። ወንበራቸው ሞጣ እስክንደርስ ባዶውን ቀረ፤ ቅርጫቴን እንኳ ላሳርፍበት አልደፈርኩም።

ጽዋውን አደረስኩ። አራሷ ተሳልማ ተቀበለችኝና «ዝርዝሩስ?» አለችኝ። ረሳሁት አልኳት። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። እናቴ አመመሽ ወይ ስትለኝ ጉንፋን ነው እላለሁ። የቅመም ሱቆቹን ተራ ስመላለስበት ዋልኩ፤ ማን ብዬ ልጠይቅ?

በሦስተኛው ቀን ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግራ እጃቸው በጨርቅ ታስሯል። መነጽራቸው የተከፈተ ቁርአን ላይ ተቀምጧል። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቁ።

«እነዚህን ሰዎች አሳየን አሉኝ» አሉ በእርጋታ። «ማንበብ አልችልም አልኳቸው።»

እንባዬ መጣ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በደኅናው እጃቸው ከለከሉኝ።

«ወረቀቱ እነሱ ዘንድ ቀርቷል። ስም ያለበት ሁሉ በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ንገሪያቸው። ዛሬውኑ ንገሪያቸው።»

እሺ አልኩ። እሳቸውም ጥቁር አዝሙድ መዝነው ምንም ባልተጻፈበት አዲስ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ለማኅበርተኞቼ ግን አልነገርኳቸውም። በሌላ መንገድ ዞሬ ቢቸና ተመልሼ ላውንጁ በር ላይ ያንኑ ማስታወቂያ አየሁት፤ ዛሬ እነግራለሁ እያልኩ ነገ እላለሁ። ፈራሁ። በጥፋቴ እንዳይጠሉኝ ፈራሁ፣ ወሬው ወጥቶ አለቆቹ ጆሮ እንዳይደርስ ፈራሁ፣ ሽማግሌውን ምን ብዬ እንደካድኳቸው እንዳይጠይቁኝ ፈራሁ። ጽዋው በአራሷ ባል እጅ ተመለሰ። የታኅሣሡን ስንጠጣ ከንፈሬን አስነክቼ ሳልቀምስ አሳለፍኩት። ቀጣይ ባለተራ ማነው ሲሉኝ በቃሌ እነግራቸዋለሁ።

የጥር ተራ የእኔ ነበር። ከአራሷ በቀር ሁሉም ቤቴ መጥተዋል። ጸሎት ተደርሶ ዳቦው ሊቆረስ ሲል ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት የላቦራቶሪው ሠራተኛ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እንኳ ሰኞ ሞጣ ልሄድ ነው። አራሷን ሳልጠይቃት ሁለት ወር አለፈኝ። ለእናትሽ የምትልኪው ካለ አዘጋጂልኝ።»

ስማቸው ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ነው። ጽዋውን አስቀመጥኩት። ተነስቼ የውጭውን በር ቆለፍኩና ተመልሼ መሀላቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አይሄዱም» አልኩ። «ጽዋውን ማንም እንዳይቀምስ። መጀመሪያ እኔን ስሙኝ።»