ምናሴ የጠበቃት ሳምንት

አላመንኩም። ሰኞ ዕለት "ተሽሎኛል" ብሎ የጻፈልኝ ሰው ሐሙስ ጠዋት ሞተ ሲሉኝ እንዴት ልመን? እህቱ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ስትደውል የሱቄን በር ገና በግማሽ ነበር የከፈትኩት። "የትኛው ምናሴ?" አልኳት። ሌላ ምናሴ አላውቅም እኮ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ምናሴ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ለዶክትሬቱ ጥናት ይሠራ ነበር። እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የምሸጥ ሴት ነኝ። ያገናኘን ጥናቱ ነው።

ሥራውን ዌብ ሰርቪስ ይለዋል። ገዢው በስልኩ ዕቃ ይጠይቃል፤ ጥያቄው በኢንተርኔት ወደ አምስታችን ሱቆች ይመጣል፤ የሞላነው መልስ ተሰብስቦ ለገዢው ይደርሳል። ምናሴ የተሰበሰበው መልስ እንደማይሳሳት በሒሳብ ማረጋገጥ ነበረበት። ባዶ ባልዲ ገልብጦ ሱቄ በር ላይ ይቀመጥና ደብተሩን በምልክት ሲሞላ ይውላል።

ጎረቤቴ ሐጂ ሙዘይን ባለፉ ቁጥር ይነኩት ነበር። "አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከምትጽፍ ብታገባ አይሻልህም?"

እሱ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። "ሐጂ፣ ሰው በከንቱ እንዳይመላለስ ብዬ ነው" ይላቸዋል።

አሁን ጥፋታችንን ልናገር። በእኛ መደዳ ደንበኛ ዕቃ ሲጠይቅ "አልያዝኩም" አይባልም። "አለ፣ ቁጭ ይበሉ" እንልና ከጎረቤት እናስመጣለን። ሁላችንም እንዲህ ነው የኖርነው። ስለዚህ የምናሴ ዌብ ሰርቪስ በስልካችን "ይህ ካርቡሬተር አላችሁ?" ብሎ ሲጠይቀን አምስታችንም "አለ" ብለን ሞላን። ዋሸን ብሎ ያሰበ አልነበረም። ካርቡሬተሩ፣ ለፓምፑ ሞተር ቤንዚን የሚያቀላቅለው ዕቃ፣ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሐጂ ሙዘይን ጋ።

በሙከራው የመጀመሪያ ቀን አንዲት ሴትዮ ስልኩን ተማምና ከከተማው ዳር፣ ከቱላ መጣች። የእሷም የወንድሟም ፓምፕ ቆሟል፤ ሁለት ካርቡሬተር ትፈልጋለች። አንዱን እኔ ከሐጂ አስመጥቼ ሰጠኋት። ለሁለተኛው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደች። እሱም "ቁጭ በይ" ብሎ ወደ ሐጂ ላከ። ሌላውም ላከ። ሐጂ በመጨረሻ ወጥተው "ዛሬ ምን ሆናችኋል? የነበረኝ አንድ ነው፣ እሱንም እትዬ ወስዳዋለች" አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ግማሽ ቀን አለፈ።

ሴትዮዋ እኔ ጋ ተመልሳ ተቀመጠች። "ስልኩ አምስት አለ ብሎኝ ነበር" አለች። "ሽንኩርቱ እየደረቀብን ነው።"

ምናሴ በእኛ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቃት፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሻሸመኔ ሄደ፣ ሁለተኛውን ገዝቶ በዚያው ቀን ቱላ ድረስ አደረሰላት። በማግስቱ መጥቶ ባልዲውን ገለበጠ።

"እትዬ፣ ጥያቄውን እናስተካክል" አለኝ።

ነገር በተበላሸ ቁጥር የሚላት ይህችን ነው። መብራት ጠፍቶ ሥራው ቢቆምም፣ ተማሪዎቹ ባይገባቸውም፣ "ጥያቄውን እናስተካክል"። ሒሳቡ እንዳልተሳሳተ፣ የተሳሳተው እሱ "አላችሁ?" ብሎ መጀመሩ እንደሆነ አስረዳኝ። የብዙ ወር ሥራውን አፍርሶ እንደገና ጻፈው። አዲሱ ጥያቄ "አሁን መደርደሪያችሁ ላይ ስንት አለ?" የሚል ሆነ።

ጥናቱን ለመጨረስ የቀረው አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። አምስት ሱቆች ለሰባት ቀን እውነተኛውን ቢሞሉለት ይበቃው ነበር። ከመደዳው ቀደም ብዬ ሱቅ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ሁሉም የሚከተሉት እኔን ነው። እኔ ደግሞ ፈራሁ። መደርደሪያዬ ባዶ መሆኑን ደንበኛ ካወቀ በቀጥታ ሐጂ ጋ ይሄዳል፤ ከዚያ እኔን ምን ብሎ ይፈልገኛል? በዓሉ ይለፍ አልኩት። አዲሱ ዕቃ ይግባ አልኩት። አንድ ቀን እንኳ ተጭኖኝ አያውቅም።

የዕለት ማስታወሻ እይዛለሁ። ከእህቱ ስልክ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱን መግለጥ ነበር። "ምናሴ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩት።" ይህችው ዓረፍተ ነገር በአራት ገጽ ላይ በእጄ ተጽፋለች። አራተኛዋን ከጻፍኩ በኋላ ነው የታመመው።

ሰኞ የላከልኝ መልእክት ይኸው ስልኬ ላይ አለ። "እትዬ፣ ተሽሎኛል። ስመለስ ሳምንቷን እንጀምራለን፣ አይደል?" እኔም "አንተ ብቻ ና" ብዬ መለስኩለት።

ለሐጂ ሄጄ ስነግራቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ "ልጁ አብሮት የሚሠራ ጓደኛ አለው፣ ደውይለት" አሉ። ደወልኩ። ሥራው እሱ እጅ እንዳለ፣ መልስ ከላክን እንደሚቀበል፣ ጥናቱንም በምናሴ ስም እንደሚያስረክብ ነገረኝ። እያለቀሰ ነበር የሚያናግረኝ።

ሱቁን መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። አራት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ካርቡሬተር ፈልጎ መጣ። አፌ ለምዶ "ቁጭ ይበሉ" ሊል ነበር። "እኔ ጋ አልቋል፣ ሦስተኛው ሱቅ ሐጂ ሙዘይን ጋ ያገኛሉ" አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። የፈራሁት ይህን ነበር።

አስከሬኑ ነገ ይገባል። ቤተሰቦቹ ያሉት እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው፤ የምታውቁት ሁሉ ድረሱ።

ምናሴ ልጄ፣ ሳምንቷ ዛሬ ጀምራለች። ጎረቤቶቼም እሺ ብለውኝ አምስታችንም ገብተንበታል፣ ሰባቱንም ቀን እንሞላለን። አራት ጊዜ መልሼህ አንድም ቀን ፊትህ አልጠቆረብኝም፤ ይህን እስክሞት አልረሳውም። ባልዲህን ከበሩ ላይ አላነሳሁትም። ጌታ በሰላም ያሳርፍህ።

ደህና ሁን። ካርቡሬተር፣ መደርደሪያዬ ላይ፣ ዜሮ። የመጀመሪያውን መልስ ልኬልሃለሁ።