የባላባቱ ዓይን

ሥዕል ያስተማሩኝ እስቴ የነበሩ አንድ መሪጌታ ናቸው። ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውንና ሰይጣንን ግን በጎን በአንድ ዓይን መሣል ከእሳቸው የለመድኩት ነው። በጃንሆይ ዘመን ወገዳ አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ስሥል፣ ሥዕሉን ያሠሩት ባላባት ከእመቤታችን እግር ሥር እንድሥላቸው አዘዙኝ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ነበር። እኔ ግን አክብሬ ሁለት ዓይን አደረግሁላቸው።

«ይሄ ማነው?» አሉ ተቆጥተው።

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

«እኔ አንድ ዓይና ነኝ! ጽድቄን ለማን ልትሰጥብኝ ነው?»

ምን ላድርግ፣ በጎን አዙሬ በአንድ ዓይን ሣልኳቸው። የበዓሉ ዕለት ሚስታቸው ቀድመው ገቡና ሥዕሉን እንትፍ አሉበት። ደንግጬ ሮጥሁ።

«እሜቴ፣ ሰይጣን አይደለም! ባለቤትዎ ናቸው!»

«አውቄያቸው እኮ ነው» አሉና ደገሙት።