ሕዝቅያስና የግንቡ ሥር ሸረሪት

ሕዝቅያስ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል ከተከራየ አራት ዓመቱ ነው። ሥራው ሐይቅ ዳር ፎቶ ማንሳት ነበር፤ ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ። ስልክ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ካደረገው ወዲህ ግን አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ የጉርድ ፎቶ ያነሳል፤ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ነፍሳትን። «ሰው ቢሸሽህ ወደ ትል ዞርክ!» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ሣር ላይ በሆዱ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ነፍሳት በብርድ ሰዓት ይሰንፋሉ፣ አይሸሹም ይላል። ካሜራው ያረጀ ነው፤ ሌንሱን ገልብጦ በፕላስተር አስሮታል። እንዲህ ሲገለበጥ ትንሿን ነገር ያገዝፋል አለኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት አበደ እያለህ ነው እኮ!» እለዋለሁ። «እትዬ ጥሩወርቅ፣ አንዴ ብቻ ቢያዩ…» ይላል። የት አባቱ! እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሸረሪት ባየሁ ቁጥር ነጠላ ጫማዬን እያወለቅኩ የኖርኩ ሴት ነኝ።

ዘንድሮ ሰኔ ግም ሲል ግንቡ ሥር አንዲት ሸረሪት አገኘ። ድር አታደራም፤ እንቁላሏን በነጭ ከረጢት ቋጥራ ከኋላዋ እየጎተተች መሬት ለመሬት የምትሮጥ ናት። «እባክዎ እትዬ፣ ያቺን ጥግ አይጥረጉብኝ። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ። ያንን ለማንሳት ስንት ዓመት እንደተመኘሁ!» አለኝ። ድምፁ ሁሉ ተለውጦ ነበር። እያጉረመረምኩ እሺ አልኩት። አሥራ ስምንት ቀን ጠበቀ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ልጄ ሜሮን አንገቷ ላይ ሰንበር ወጥቶና ውሃ ቋጥሮባት ነቃች። ሸረሪት ሸናባት! ሌላ ምን ይሆናል? እናቴም፣ የእናቴም እናት እንዲህ ሲሉ ነው የሰማሁት። ደሜ ፈላ። የተጣደውን ውሃ አነሳሁና እየተሳደብኩ ወጥቼ ግንቡ ሥር ገለበጥኩት። ሕዝቅያስ ካሜራውን ይዞ እዚያው ተንበርክኮ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ። «እትዬ!» ብቻ ነው ያለኝ። ክፍሉ ገብቶ ዘጋ።

ሜሮን ከጤና ጣቢያ ቅባት ይዛ፣ እየሳቀችብኝ ተመለሰች። «እማዬ፣ ሸረሪት አይደለችም አሉኝ። ዝናብ ሲጀምር መብራት አይታ የምትገባ ቀይና ጥቁር ጥንዚዛ አለች። ተኝቼ ጨፍልቄያት ነው፤ ፈሳሿ ያቃጥላል። ሸረሪት ሸናብኝ የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣል አሉ።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሄጄ የሕዝቅያስን በር አንኳኳሁ። ከፍቶ፣ ፎቶው የሚታይበትን ካሜራ አቀበለኝ።

በስመ አብ! ስምንት ዓይን! አራቱ ጥቃቅን ከታች ተደርድረዋል፤ ከላያቸው ያሉት ሁለቱ ደግሞ እንደ ጥቁር ዶቃ ያበራሉ፣ ሰማዩ ሳይቀር ይታይባቸዋል፤ የቀሩት ሁለቱ አናቷ ላይ ናቸው። ጀርባዋ ላይ ልጆቿ ተደራርበዋል፤ መቶ ይሆናሉ። ገላቸው መስታወት ነው፣ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሁሉም የእናታቸውን ፀጉር ጨብጠዋል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ ጫማዬ ሥር ነበር!

«መቼ አነሳኸው?» አልኩት።

«ውሃውን ይዘው ሲመጡ።»

እንባዬ መጣ። «ልጆቿስ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ተያይዘን ወጣን። ጉልበቴን እያመመኝ እርጥብ ሣር ላይ ተንበረከክሁ፤ ቅጠል በቅጠል ፈለግን። ብዙ ቆይተን፣ ከግንቡ ክንድ ያህል ርቆ፣ ሕዝቅያስ አንዲት አገኘ። ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጎ ያዘልኝ። ሣሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ስምንቱም ዓይኖቿ አሉ፣ ፀጉሯ አለ፣ ጥፍሯ አለ፤ አንዲት ነገር አልጎደላትም። አምላኬ፣ ይህን ሁሉ በምን እጅህ ሠራኸው?

«ልጄ፣ እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኳት፣ ጮክ ብዬ። ሕዝቅያስ አልሳቀብኝም።