የሰባተኛው ብልቃጥ ሸረሪት

ክፍሉ በእርምጃ አራት በሦስት ነው። ለካሁት፤ መለካት ልማዴ ነው። ስምንት ሰዎች ነበርንበት። መስኮቱ ከጣሪያው ስር ያልተደፈነ የአንድ ብሎኬት ቀዳዳ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ የቆላው ሙቀት በዚያ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። ጥግ ላይ ለሽንት የተቀመጠ ጄሪካን አለ። አዲስ ገቢ ከጄሪካኑ አጠገብ ነው የሚተኛው፤ እኔና አብረውኝ የተያዙት የጫኖ ገበሬም ሥርዓቱን አክብረን እዚያው ተጋደምን።

የተያዝነው ከከተማው በታች ባለው ጫካ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አንጥፈን የረገፈ ቅጠል ስንነፋ ነው። ሥራዬ ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ከማስተማር በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ቅጠል ስር የሚኖሩ ጥቃቅን ሸረሪቶችን በየዓይነታቸው እለያለሁ። ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጡም፤ ብርቱካንማ ናቸው፤ ሌላው ሸረሪት በአብዛኛው ስምንት ዓይን ሲኖረው እነዚህ ስድስት ነው ያላቸው። ፈረንጆቹ በጋኔን ስም ይጠሯቸዋል። በጋሞ ቆላ ስንት ዓይነት እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ይህን ስል አላፍርም። ገበሬው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እርጥበት የማይጠፋበትን ቦታ የሚያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ፣ መምህር ይሉኛል።

ከወር በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ ሐይቁ ዳር መሬት ብዙ ሰው ያሰበውን፣ ግን ማንም ያልተነፈሰውን ተናግሬ ነበር። በዚህም የተነሳ፣ ጫካ ውስጥ የተገኘው ማስታወሻ ደብተሬ ለመርማሪው ሰርግና ምላሽ ሆነለት። “ጫኖ፣ ሙዝ ስር፣ ቁጥር 9፣ ወንድ 1” ይላል። “ላንቴ፣ ቦይ ዳር፣ ቁጥር 3፣ ወንድ 2፣ ሴት 1” ይላል። እንዲህ እያለ ስልሳ ገጽ ይሄዳል።

“ቁጥር ዘጠኝ ማነው?” አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

“የሸረሪት ዓይነት ነው።”

“ለምን በእርሳስ ተጻፈ? ለማጥፋት እንዲመች?”

“ሸረሪቶቹን የማስቀምጥበት አልኮል ሲነካው የብዕር ቀለም ይለቃል። እርሳስ አይለቅም።”

“ስም ጥራ።”

“ስም ገና አልወጣላቸውም።”

እውነቴን ነበር። እሱ ግን እንዳላገጥኩበት ቆጥሮ የተቀመጥኩበትን ወንበር አስወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ የመለስኩት ሁሌም ቆሜ ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነበር። ክፉ ነበር ማለት አልችልም። ግን በየቀኑ ስም ጥራ ይለኛል፣ በየቀኑ የለም እለዋለሁ።

ጋሼን የሚያስጨንቃቸው ምርመራው አልነበረም። “ሐሙስ የሙዝ መኪና ይመጣል” ይሉኝ ነበር ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው። “ሙዝ ደርሷል። ሚስቴ ብቻውን አይችልም። መኪና ካለፈ ይበሰብሳል።” የዓመት ልፋታቸው ነው። እኔን ተከትለው ባይመጡ እዚያ ክፍል ምን ይሠሩ ነበር? እንቅልፍ የነሳኝ ጄሪካኑ ሳይሆን ይህ ሐሳብ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሁለታችንንም ወደ ግቢው አወጡን። ፀሐዩ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ላዩ ላይ ሸረሪቶቹን ከነቁጥር ወረቀታቸው አልኮል ውስጥ ያስቀመጥኩባቸው ብልቃጦቼ፣ የእጅ ማጉያ መነጽሬና ከክበቡ የመጡ የሻይ ሰሃኖች አሉ። ጋሼን ከግድግዳው ስር አስቀመጧቸው።

“ዛሬ ፈተና አለብህ፣ መምህር” አለ መርማሪው። “አስር ብልቃጥ እመርጣለሁ። ሸረሪቱን ሰሃን ላይ አፍስሼ፣ ውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥቼ እደብቃለሁ። አንተ አይተህ ቁጥሩን ትነግረኛለህ። አስሩም ከወረቀቱ ከገጠሙ ሁለታችሁም ዛሬ ቤታችሁ ትገባላችሁ። አንዱ ከሳተ ግን ደብተሩ የሰው ዝርዝር ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ ፋይሉ ከነሽማግሌው ወደ ላይ ይሄዳል።”

አልፈራሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ከስንት ቀን በኋላ በማውቀው ነገር ተጠየቅሁ። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቶቹን እንዳይቀላቅል። ከየት እንደመጣች ያልተጻፈላት ሸረሪት ለእኛ በድን ብቻ ናት። እየሳቀም ቢሆን እያንዳንዱን ወረቀት ገልብጦ በየሰሃኑ ስር አስቀመጠልኝ።

“ሦስት” አልኩ። ወረቀቱን አየና መልሶ አስቀመጠው። “አንድ። ሰባት። ሦስት። አስራ ሁለት።” ስድስተኛው ጀርባው በሙሉ እንደ ጋሻ በጠነከረ ጥሩር የተሸፈነ፣ ከአፉ አጠገብ ያለው አጭር እጁ ጫፉ ያበጠ ወንድ ነበር። “ዘጠኝ” አልኩ። ስድስቱም ገጠሙ። ዳር ቆመው የነበሩት ፖሊሶች ጠጋ ጠጋ ማለት ጀመሩ። ልቤ ሞላ።

ሰባተኛውን ብልቃጥ ገና ሲከፍተው አወቅሁት፤ አፉ የተሸረፈው እሱ ብቻ ነው። አስራ አራት ብዬ የመዘገብኳት ሴት ናት። ሆዷ ለስላሳ ነው፣ ጥሩር የላትም። ለሳይንስ አዲስ ናት ብዬ ጽሑፍ ጀምሬላት ነበር። ለደንቡ ያህል መነጽሩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ጎንበስ አልኩ።

ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ስድስተኛው ሰሃን ደግሞ ከጎኑ ነው። ሁለቱን በአንድ ብርሃን አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁሌ የማያቸው በየተራ ነው። ከዓይኖቿ ኋላ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ነጥቦች ተሰልፈዋል። ወንዱም ላይ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቁጥር ተሰልፈዋል። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አስራ አራት የሚባል ዓይነት የለም። ይህች የዘጠኝ ሚስት ናት። ዘጠኝ ቁጥር ላይ የመዘገብኩት ወንድ ብቻ፣ አስራ አራት ላይ ሴት ብቻ! ይህን ያልጠረጠረ ተማሪ ቢኖረኝ ገጹን በቀይ እሞላለት ነበር።

“እህ?” አለ መርማሪው።

ወረቀቱ ምን እንደሚል አውቃለሁ። አስራ አራት ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

“ዘጠኝ” አልኩ።

ወረቀቱን ገለበጠው። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። “አስራ አራት ይላል።”

“አውቃለሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።”

“አውቀህ ነው ዘጠኝ ያልከው?”

“አዎ። ዘጠኝ ስለሆነች።”

ያን ጊዜ ነው ጋሼን ማየት ያቃተኝ። በሙዛቸውም በነፃነታቸውም ላይ ሳላስፈቅዳቸው ፈርጄ ነበር። አፈርኩ። ቃሌን ግን አልመለስኩም። በየቀኑ የሌለ ሰው ስም ጥራ ሲሉኝ የለም ያልኩ ሰው፣ የሌለች ሸረሪት አለች ካልኩ በምን አፌ እታመናለሁ?

ጋሼ ከተቀመጡበት ተነሱ። “መምህር፣ ባልና ሚስት ነው አላልኩህም?” አሉ። “የእኔ ሙዝ ስር ሁሌ አብሮ ነው የሚወጣው። አንተ ልብሱ ስለተለየ ዘመድ አይደለም አልከኝ።”

ብለውኝ ነበር። ሳቅ ብዬ ነው ያለፍኳቸው።

መርማሪው መነጽሩን ከእጄ ተቀበለና በሁለቱ ሰሃኖች ላይ ጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ነጥቦቹን እየቆጠረ ነበር። ቀና ሲል የቀሩትን ሦስት ብልቃጦች ሳይከፍት ወደ ጎን ገፋቸው።

“ሽማግሌው ይሂዱ” አለ። “የአንተ የስብሰባው ነገር ሌላ ነው፤ ትቆያለህ።” ከዚያ ወረቀቷን ዘረጋልኝ። “ይህንን ቀደህ ትክክለኛውን ጻፍ።”

“አይቀደድም” አልኩት። “በእኛ ሥራ የተሳሳተው ወረቀት እዚያው ይቆያል። የታረመው ከጎኑ ይገባል፤ ማን እንዳረመውም ይጻፍበታል።”

እርሳስ ሰጠኝ። “ቁጥር 9፣ ሴት” ብዬ ጻፍኩና እጄን ያዝ አደረግሁ። ያረሙት እሳቸው ናቸው። ግን በዚያ ግቢ የሰው ስም ወረቀት ላይ ማስፈር ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

“ጋሼ፣ ስምዎን ልጻፈው?”

መርማሪውን አዩት፣ ፖሊሶቹን አዩ። “ጻፍ” አሉ። “ከነአባቴ ጻፍ።”

ከነአባታቸው ጻፍኩ። ከስሩ ፈረምኩና ሁለቱንም ወረቀቶች ብልቃጡ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ። ጋሼ የዚያኑ ዕለት ጫኖ ገቡ፤ ሙዙም ለሐሙሱ መኪና ደረሰ።

እኔ ዘጠኝ ቀን ጨመርኩ። ሊለቁኝ ሲሉ የተተየበ ገጽ አቀረቡልኝ፤ አነበብኩት፣ ያላልኩትን ብሏል ይላል፣ አልፈረምኩም። ተሰላችተው “ለጊዜው ሂድ” አሉኝ።

ዛሬ ብልቃጧ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። በታተመው ዝርዝሬ ላይ ከአስራ ሦስት ቀጥሎ አስራ አምስት ነው፤ ተማሪዎቼ የመተየብ ስህተት ይመስላቸዋል። ያን ጊዜ ያጣኋት ሸረሪት አትቆጨኝም። ፋይሌ የት እንደደረሰ፣ ማን እንደሚያነበውም አላውቅም። የሚያነበው ሰው ግን ፊርማዬን አያገኝበትም። እዚያ ግቢ የፈረምኩት ወረቀት ከጥፍር አይበልጥም፤ መሳሳቴንና ማን ትክክል እንደነበረ ይናገራል።