የጳጉሜ ባዶ ዝርዝር

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲነጫነጭ ሰማሁት። በነፃ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ተበላሽቶበት ለሠሪዎቹ የቁጣ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር። «ሰነፎች!» አለ።  የእኔ ልብ ግን ወረታ ሄዶ ነበር።

ሚሊኒየሙ ሊገባ የተቃረበበት ክረምት ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ወረታ በነበረች አነስተኛ ክሊኒክ በመዝገብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን በየሳምንቱ እየመጡ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። የቀረ ካለ ኮምፒውተሩ ሰኞ ጧት ስሙን ያወጣል፤ እኛም ፍለጋ እንወጣለን።

ፕሮግራሙን የጻፉት ደሞዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የቻለ ሁሉ ያስተካክለዋል። አዲስ እትም ካወጡ ቆይተዋል። በዕርዳታ የመጣው አሮጌ ኮምፒውተራችን ግን አዲሱን መሸከም አይችልም። አሮጌውን እትም የሚንከባከብ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚኖር ኤፍሬም የሚባል።

በዚያ ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የወረታን ሜዳ ዋጡት። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ አየሩ የራሰ ገለባና የከብት ሽታ ይሸታል። በጳጉሜዋ ሰኞ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ወጣ። ማንም አልቀረም ብዬ ደስ አለኝ። በመስከረም የመጀመሪያው ሰኞም ባዶ ሆነ። ያኔ ለነርሷ ለሲስተር ትርንጎ በኩራት ነገርኳቸው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውሃው አዩ።

«ግርማ፣ ውሃ እንዲህ ሜዳው ላይ ተኝቶ ማንም አልቀረም? እኔስ አላምንም።»

ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጥን። ዘጠኝ ሰዎች ቀርተዋል። በዚያ ዓመት ጳጉሜ እንዳለፉት ዓመታት አምስት ሳይሆን ስድስት ቀን ስለነበረች፣ ፕሮግራሙ ቀጠሯቸው ጳጉሜ ላይ የዋለውን ሁሉ መቁጠር አቅቶት፣ ስሕተቱን ሳይናገር ጥሏቸው ነበር።

ወዲያው ለኤፍሬም ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ችግር መኖሩን አላወቅኩም» አለ። «ጓደኞቼ ሁሉ ወደ አዲሱ ሄደው ብቻዬን ነው የቀረሁት። የእንጀራ ሥራዬም ሌላ ነው። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

«ጊዜ የለንም! ሰው ቢሞት ደሙ በአንተ ላይ ነው!»

 «እንግዲያውስ ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። በሳምንቱ ባሕር ዳር ወርጄ ኢንተርኔት ስከፍት፣ ኃላፊነቱን መተዉን በአንድ መስመር አስታውቆ አገኘሁ።  ለሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ጻፍኩ፤ ለመንኩ። አንዱ ብቻ መለሰልኝ፤ አሮጌ ነገር መጠገን ማንም አይወድም፣ ኮምፒውተር ቀይሩ አለኝ። በምን እንቀይር?

ሲስተር ትርንጎና እኔ የቀሩትን ሰዎች በየቀበሌው ስንፈልግ ከረምን። ቁሐር ሚካኤል የተባለው ቀበሌ የደረስነው በታንኳ ነበር። አቶ ሙሉ የሚባሉ የሩዝ ገበሬ ቤታቸው ጥግ ጋቢ ተከናንበው ደም ያስላቸዋል።

«ምነው ሳይመጡ ቀሩ?» አሏቸው ሲስተር።

«ውሃው መች አሳልፎኝ። ድሮስ ስቀር ትመጡ አልነበር? ዘንድሮ ተስፋ ቆረጡብኝ አልኩ።»

ያችን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። በቃሬዛ አመጣናቸው። ከመስቀል በኋላ አረፉ።

ከቀብራቸው ስመለስ ለኤፍሬም ደብዳቤ ጻፍኩ። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ፕሮግራሙ በሁለት ዓመት ውስጥ እነማንን እንዳስገኘልን ነገርኩት፦ ድና የተዳረችውን ልጅ፣ ዛሬ ይፋግ ገበያ ከብት የሚነግደውን ሰው፣ ከጣራ ገዳም ሥር እየመጡ ተፈውሰው የተመለሱትን መነኩሴ። ስማቸውን አልጻፍኩም። ስለ አሮጌው እትም የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ እኔ ልመልስ፣ እያንዳንዱን እርማት በእኛ ኮምፒውተር ላይ ልሞክር አልኩት። ስለ አቶ ሙሉም ነገርኩት፤ ደሙ በአንተ ላይ ነው ማለቴ ሐሰት መሆኑን ጭምር።

መልስ አልመጣም። ኅዳር ላይ ሩዙ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ሲጀመር፣ አንድ ቀጭን ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ክሊኒኳን እየጠየቀ መጣ። ኤፍሬም ነበር። ሦስት ቀን እኛ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ስሕተቱን አስተካከለ። በመጨረሻው ቀን የሩዝ እንጀራ በአሣ ወጥ እየበላን ለምን እንደመጣ ጠየቅኩት።

«አራት ዓመት የደረሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ተበላሸ የሚል ነበር» አለ። «ሠራ ብሎ የጻፈልኝ የለም። ለማንም የማይጠቅም ነገር ላይ ዕድሜዬን የምፈጅ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አሮጌውን እትም ሁለታችን ይዘን፣ ያ ኮምፒውተር ጨርሶ እስኪሞት ድረስ ጠበቅነው። ሌሎች ሁለት በጎ ፈቃደኞችም ተጨመሩ። ጳጉሜ ዳግመኛ አላሳተችንም።

ይህን ለሰው ሳወራ መልካም ፍጻሜ አድርጎ የሚወስደው አለ። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም ከአንድ ጥያቄ አልወጣሁም። ፕሮግራሙ ከመበላሸቱ በፊት፣ ስሞችን በትክክል እያወጣ ሁለት ዓመት አገልግሎናል። በዚያ ሁሉ ሰኞ «ሠራ» የሚል አንድ መስመር ብጽፍ ኖሮ ኤፍሬም ብቸኛ አይሆንም ነበር፤ ምናልባት ጓደኞቹም አይሄዱም ነበር፤ ምናልባት ጳጉሜን አስቀድሞ የሚያያት ሰው ይገኝ ነበር። የጻፍኩት አቶ ሙሉ ከተቀበሩ በኋላ ነው።