ያልሽውን ነው የጻፍኩት

ከቢሮ የወሰዱኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ አሰብ ወደብ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከሁለት ቀን በፊት በመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ እጄን አውጥቼ፣ «ከዒድ ከተማ ወዲህ ባለው ዳርቻ አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ተቃጥላለች ይባላል። ሰላማዊ ሰው አልቋል የሚባለው እውነት ነው?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሰብሳቢው ስሜን ብቻ ጻፈ።

የሴቶቹ እስር ቤት ድሮ የጨው መጋዘን ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ ጀምሮ ግሎ ጀርባ አያስደግፍም። ውስጡ አንዲት ሴት ብቻ አገኘሁ፤ በዕድሜ እናቴን የምታክል አፋር ናት። አማርኛ የለመደችው ባሏ ያጠመደውን ዓሣ አሰብ ገበያ እያመጣች ስትሸጥ ነው። የውኃውን ጀሪካን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ጠጪ። ቀስ ብለሽ ግን፤ እስከ ነገ ሌላ የለም።»

ለምን እንደታሰርኩ ነገርኳት። «የጠየቅሽው የእኔን መንደር ነው» አለችኝ።

እንደነገረችኝ፣ ወታደሮቹ የመጡት በማለዳ ነው። «ወንበዴ አብልታችኋል» ብለው ወንዶቹን የውኃው ጉድጓድ አጠገብ ሰበሰቧቸው። ባሏ መረብ እየጠገነ ነበርና የመረቡን መርፌ እንደያዘ ሄደ። ከተኩሱ በኋላ ጎጆዎቹን አቃጠሉ። መቅበር ስለከለከሉ ሴቶቹ ሦስት ቀን ከሬሳው ላይ ውሻ ሲያባርሩ ሰነበቱ። ይህንኑ ገበያ ላይ ተናገረች፤ በማግስቱ ታሰረች።

ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «መርፌውን እንኳ አላስቀመጠም» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ሁለታችንንም መርማሪው ዘንድ ወሰዱን። ጸሐፊው ታሞበት ነበር።

«ታይፒስት ነሽ አይደል? ቃሏን ትጽፊያለሽ» አለኝና ወደ እሷ ዞረ። «መንደራችንን ያቃጠሉት ወንበዴዎች ናቸው በይ።»

«ወታደሮች ናቸው።»

«ወንበዴዎች ብለሽ ጻፊ» አለኝ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ አሳምሪው።» ስልክ ተጠርቶ ወጣ። ዘቡ በሩ ላይ ቀረ።

ወረቀት የጽሕፈት መኪናው ውስጥ አስገባሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ እሱ ያለው ዓረፍተ ነገር አልጻፍልሽ አለኝ። ክፍላችን ውስጥ የነገረችኝን ከማለዳው ጀምሬ በቅደም ተከተሉ መታሁት።

«ምን ጻፍሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ያልሽውን ነው የጻፍኩት።»

«አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝ። «ሁለት ቀን አይደለም፤ ሦስት ነው።» አረምኩት። ያን ጊዜ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ፣ ሳትቸኩል ከሥሩ አተመች።

መርማሪው ተመልሶ እንደቆመ አነበበው። አልጮኸም። ወረቀቱን ቀዳደደና በጥፊ መታኝ፤ ግራ ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ አጥርቶ አይሰማም። እሷን ለብቻዋ ይዘዋት ወጡ። በሩ ጋ ዞር ብላ፣ «ተጽፎ ነበር» አለችኝ። ዘበኞቹን ደጋግሜ ስለ እሷ ጠይቄአለሁ፤ የት እንዳደረሷት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ከዓመት በላይ ታስሬ ተፈታሁ።

አሁን የምኖረው ደሴ ነው። በቅርቡ በአንድ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ስለ እስሬ እንድናገር ጋበዙኝ። አዘጋጁ ትሑት ሰው ነው። ወደ ጎን ጠራኝና፣ «እማማ፣ የእስሩን ብቻ ይንገሩን። የመንደሩ ነገር ይቅር፤ የሚከፋው ሰው አለ» አለኝ።

«ልጄ፣ እኔ የታሰርኩት በመንደሩ ነገር ነው» አልኩት።

የመንደሩን ተናገርኩ። አንዳንዶቹ ተነሥተው ወጡ፤ አንድ ሰውዬ ከኋላ «ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። እሱም የመሰለውን ተናገረ። እኔም ጨርሼ፣ ማንም ሳይከተለኝ፣ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ተናግሮ በሰላም ቤት መግባትን እንደ ተራ ነገር የሚያዩ ሰዎች በመኖራቸው ደስ ይለኛል።